ከደማም ጉልላት እስከ ዓባይ ሸለቆ፦ የአካባቢ ጂኦሎጂ ለጀማሪ

ኩዌት ውስጥ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ባለሙያ «ደማም ደረስን» ቢል ስለ ከተማው ማውራቱ አይደለም። መቆፈሪያው የነካውን የኖራ ድንጋይ ንብርብር መጥራቱ ነው። ባሕሬን ላይም የውሃ መሐንዲሶች «ኮባር» ሲሉ የባሕሩን ዳር መናፈሻና የገበያ አዳራሾቹን አያስቡም፤ ውሃ የቋጠረ ዐለት ነው የሚታያቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ደማምና አልኮባር የሚኖር ወገናችን ግን እነዚህን ሁለት ስሞች በቀን ስንት ጊዜ እየጠራ፣ ስሙን የተሸከመው ድንጋይ ከመንገዱ ዳር እንዳለ ሳያውቅ ውሉን ጨርሶ አገሩ ይገባል።

ይህ ማብራሪያ የተጻፈው የአካባቢውን ጂኦሎጂ ከመሠረቱ ለመማር ላሰበ ሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ተማሪም ይሁን፣ በዓርብና ቅዳሜ ዕረፍቱ ከጓደኞቹ ጋር ኮረብታ ለኮረብታ መዞር የሚፈልግ ሠራተኛ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ሰዓታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም የሚወጣው ከየት ነው?

ጂኦሎጂስቶች አንድን የድንጋይ ንብርብር ሲሰይሙ በደንብ ያዩበትንና የለኩበትን ቦታ ስም ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ሌላ አገር ላይ ያን የመሰለ ንብርብር ያገኘ ሁሉ የሚያመሳክረው ከዚያ የመጀመሪያ ቦታ ጋር ነው። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚባለው ስሙን ያገኘው ከአዲግራት ነው፤ የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ ደግሞ ከመቀሌ በስተደቡብ ካለችው ሕንጣሎ። ሁለቱንም ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቃቸው በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ መጽሐፉ በ1870 ታተመ። ጦሩ ዐፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ወደ መቅደላ ሲጣደፍ፣ እሱ በየገደሉ ዳር ድንጋይ እያየ ይጽፍ ነበር።

የደማም አካባቢ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ከታች ወደ ላይ ስንቆጥር መጀመሪያ የምናገኘው ሩስ ነው፤ ከዳህራን ኮረብቶች አንዱ በሆነው በኡም አር ሩስ የተሰየመ። ከእሱ በላይ የደማም ንብርብር ይመጣል። ደማም ራሱ በውስጡ ይከፋፈላል፦ ሚድራና ሳይላ የሚባሉ ስስ የጭቃ ድንጋዮች፣ አልቪዮሊና በምትባል ጥቃቅን የባሕር ፍጡር ቅሪት የተሞላ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ኮባር፣ መጨረሻ ላይ አላት። ስሞቹን ያወጡት የአካባቢው ነዳጅ ኩባንያ ጂኦሎጂስቶች ሲሆኑ፣ ፓወርስና ባልደረቦቹ በ1966 በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በኩል ያሳተሙት ጥራዝ ዛሬም የዚህ ትምህርት መነሻ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ለመላው ባሕረ ሰላጤ መመሳከሪያ የሆነው የደማም ንብርብር በገዛ ቤቱ 30 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ውፍረቱ። ኩዌት ውስጥ ከመቶ ሜትር ያልፋል። ምክንያቱን ወደ ኮረብታው ስንወጣ እናየዋለን።

ኮርሱ ምን ያስተምራል?

የመግቢያ ኮርስ ብዙውን ጊዜ በማዕድናትና በድንጋይ ዓይነቶች ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ንብርብሮች ቅደም ተከተል፣ ወደ መታጠፍና መሰበር፣ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሄዳል። «የአካባቢ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ግን ትኩረቱ ይጠባል፤ የዓለም ድንጋይ ሁሉ መማሩ ቀርቶ አንድ አገር እንዴት እንደተሠራ መከተል ይሆናል። ዳህራን ያለው የኪንግ ፋህድ የነዳጅና ማዕድናት ዩኒቨርሲቲ በ1963 ኮሌጅ ሆኖ ከተመሠረተ ጀምሮ የምድር ሳይንስ ከሚሰጥባቸው የአካባቢው ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተሠራው በዳህራን ኮረብታ ላይ ነው። ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ መመርመር የሚችል ድንጋይ ላይ ቆሞ ይገኛል ማለት ነው፤ ይህን ዕድል ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አያገኙም። ከዩኒቨርሲቲው ውጪም የዳህራን ጂኦሳይንስ ማኅበር ንግግሮችንና የመስክ ጉዞዎችን ያዘጋጃል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። መስክ የሌለው የአካባቢ ጂኦሎጂ ኮርስ የስም ሽምደዳ ነው። ሩስ፣ ሚድራ፣ ሳይላ፣ ኮባር፣ አላት ብሎ በቃል የያዘ ተማሪ ፈተና ያልፋል፤ ኮረብታው ፊት ሲቆም ግን አንዱን ከሌላው አይለይም። ድንጋዩን አንዴ በእጁ የያዘ ሰው ስሙን ቢረሳ እንኳ ቦታውን አይስትም።

ከመውጣታችሁ በፊት

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ የጂኦሎጂ መዶሻ፣ ከአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ የንብርብር ዘንበልታ የሚለካ ኮምፓስ፣ ደብተርና እርሳስ፣ ጠብታ ማፍሰሻ ባለው ጠርሙስ በውሃ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። አሲዱ በዚህ አገር ድንጋይ ላይ ከሁሉም መሣሪያ የበለጠ ይናገራል። ተራ የኖራ ድንጋይ ላይ ሲንጠባጠብ ወዲያው ይንቸሰቸሳል። ማግኒዚየም የገባበት ዶሎማይት ላይ ግን ጸጥ ይላል፤ ድንጋዩን በመዶሻው ጫፍ ፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ስታንጠባጥቡ ብቻ ቀስ ብሎ አረፋ ያወጣል። ጀሶ ምንም አይመልስም፤ እሱን በጥፍር ስትፍቁት ታውቁታላችሁ።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በጋው ላይ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ይበልጣል፤ የአገሪቱ ሕግ ራሱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከቀትር 12 እስከ 3 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። ለመማር የወጣ ሰው ከዚያ በባሰ ሰዓት ኮረብታ ላይ የሚንከራተትበት ምክንያት የለም።

ፈቃድን በሚመለከት አጭር ማሳሰቢያ። በጉልላቱ ላይና በዙሪያው የነዳጅ ኩባንያ ካምፕ፣ ዩኒቨርሲቲና የአየር ኃይል ሰፈር አሉ። አጥር ባለበት አትጠጉ፤ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ፤ ኢቃማችሁን ከኪሳችሁ አትለዩ። የተደራጀ ቡድን ተከትሎ መሄድ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው መስክ፦ የዳህራን ኮረብቶች

ከአልኮባር በስተምዕራብ በመኪና ጥቂት እንደሄዳችሁ ምድሩ ከፍ ይላል። ሜዳና አሸዋ በሆነ አገር ላይ እነዚህ ቢጫማ ኮረብቶች ከባሕር ማዶ ሳይቀር ይታያሉ። ባሕሬን ላይ ይሠሩ የነበሩ የአሜሪካ ጂኦሎጂስቶች ዓይናቸውን የጣሉት ከዚያው ነበር።

እዚህ የምታዩት ጉልላት ነው፤ የተነፋ ምድር። ከሥሩ፣ በብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሆርሙዝ ጨው ተቀብሯል። ጨው ከላዩ ከተጫነው ዐለት ይቀላል፤ በረጅም ዘመን ጫና ሥር ደግሞ ጠጣርነቱን ትቶ ይፈስሳል። ስለዚህ ደካማ ቦታ ሲያገኝ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከላዩ ያሉትን ንብርብሮች ሁሉ ይዞ ያብጣል። ጨውን ደማም ላይ ማንም በዓይኑ አላየውም። መኖሩ የተገመተው ግን ያለ ማስረጃ አይደለም፤ የምድር ስበት በጉልላቱ ላይ ሲለካ ከአካባቢው ያንሳል፣ ከታች ቀላል ነገር እንዳለ የሚናገረውም ይህ ነው።

ያበጠው ምድር አናቱ በነፋስና በዝናብ ተላጨ። ግማሽ ሽንኩርት ጠረጴዛ ላይ ደፍታችሁ አናቱን በስሱ ብትቆርጡት መሐሉ ላይ የውስጠኛው ልጣጭ፣ ዳር ዳሩን የውጪዎቹ ይታያሉ። ደማም ጉልላትም እንዲሁ ነው፤ መሐሉ ላይ አሮጌው ሩስ ተጋልጧል፣ ወደ ዳር ስትሄዱ ሚድራ፣ ኮባር፣ አላት በየተራ ይመጣሉ። የምድር ንብርብር ከታች ወደ ላይ ይነበባል ብላችሁ የተማራችሁትን እዚህ ከመሐል ወደ ዳር እየተራመዳችሁ ታነቡታላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላውቅም።

ሩስ ላይ ቁሙ። ለስላሳ፣ ነጣ ያለ፣ ጭቃ የተቀላቀለበት ኖራ ነው፤ በመሐሉ ውስጣቸው በኳርትዝ የተሞላ ክብ ድንጋዮች ታገኛላችሁ። የከርሰ ምድር ጉድጓዶች በሚያሳዩት መሠረት ሩስ በብዙ ቦታ ጀሶና አንሃይድራይት (ውሃ አልባ ጀሶ) የሞላበት ንብርብር ነው፤ ባሕሩ ተዘግቶ እየተነነ የቀረበት ዘመን ማስታወሻ። ጉልላቱ ላይ ግን ያ ማዕድን በአብዛኛው የለም፤ ውሃ አሟሙቶ ወስዶታል። የመስክ መምህር ተማሪውን የሚፈትነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፦ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን መኖር ሲገባው የጠፋውንም ጻፍ ብሎ።

ከሩስ በላይ ያለው ሚድራ ቡናማና ቢጫማ የጭቃ ድንጋይ ነው፤ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ያልፋችኋል። ጎንበስ ብላችሁ ብትፈልጉ ግን የሻርክ ጥርስ ታገኛላችሁ፤ አንዳንዱ አሁንም ያብረቀርቃል። የሻርክ አጽሙ ለስላሳ ስለሆነ ይበሰብሳል፤ ጥርሱ ግን ጠንካራ ነው፣ በሕይወት ዘመኑም እየረገፈ በሌላ ይተካል። ብዙ ጥርስ ማለት ብዙ ሻርክ ማለት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ደብተራችሁ ውስጥ ጻፉት።

ኮባር ላይ ስትደርሱ ማጉያችሁን አውጡ። እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ኑሙላይት የተባሉ ቅሪተ አካላት አሉ። አንድ ሕዋስ ብቻ ያላቸው፣ ጥልቀት በሌለውና ሞቃት በሆነ ባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ ፍጡራን ነበሩ። የጊዛ ፒራሚዶች የተሠሩበት የኖራ ድንጋይም በእነሱ ዘመዶች የተሞላ ነው፤ ዘመኑም ተቀራራቢ ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ስትራቦን ፒራሚዶቹን ሲጎበኝ እነዚህ ክብ ነገሮች ከግንበኞቹ ምሳ የተረፈ ምስር ደንዝዞ ድንጋይ የሆነ ነው ሲባል ሰምቶ ጽፏል። ከ50 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከግብፅ እስከዚህ ድረስ አንድ ዓይነት ሞቃት ባሕር ተዘርግቶ እንደነበር ግን ያ ምስር ይመሰክራል።

የ30 ሜትሩን ነገርም አሁን መመለስ ይቻላል። ባሕሩ ደለሉን ሲያስቀምጥ ጨው ከታች እየገፋ ነበር። ከፍ ባለ ወለል ላይ የሚቀመጠው ደለል ይሳሳል፣ ዙሪያው ባለው ዝቅታ ግን ይወፍራል።

የጎደሉት ዓመታት

ይህን ክፍል በትዕግሥት አንብቡልኝ፤ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የኮርሱ ልብ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጉልላቱ ወደ ዳር ስትወርዱ አላት ያበቃል። በላዩ አሸዋማና ማርላማ (ጭቃማ ኖራ) የሆኑ ሌሎች ንብርብሮች፣ ሃድሩክና ዳም የሚባሉት፣ ተቀምጠዋል። ድንበሩ ላይ ጣታችሁን ብታሳርፉ ከታች ያለው ድንጋይ ዕድሜው 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከላይ ያለው 20 ሚሊዮን ገደማ። በመሐል ያለው ዘመን የለም። ባሕሩ ሸሽቶ ምድሩ ደርቆ ነበር፤ ደለል በመቀመጥ ፈንታ የነበረውም ይሸረሸር ነበር። ጂኦሎጂ ሲጀምሩ ብዙዎች እንዲህ ያለውን ድንበር እንደ አንድ ተራ መስመር ያልፉታል። መስመሩ ግን ከላይና ከታች ካሉት ንብርብሮች ሁሉ የሚበልጥ ጊዜ በውስጡ ይዟል።

አሁን ወደ አገር ቤት ተመልከቱ። በዚያ ዘመን ቀይ ባሕር ወይም የኤደን ባሕረ ሰላጤ አልነበሩም፤ ዓረቢያና አፍሪካ አንድ ምድር ነበሩ። ደማም ምንም ባልጻፈበት በዚያው ክፍተት ውስጥ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ የኢትዮጵያና የየመን ምድር ተሰንጥቆ እሳተ ገሞራ ፈሰሰ። አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ወጥቶ ያለቀ ሲሆን፣ የሰሜን፣ የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ ጥቁር ገደሎች የተሠሩት ከእሱ ነው። ደጋችን እየተገነባ ሳለ ደማም ላይ የቀረው ባዶ መስመር ብቻ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። የደማም ድንጋዮች ባሕር ውስጥ ሲቀመጡ የኢትዮጵያ ደጋ የዚያን ዘመን የባሕር ድንጋይ አያሳይም፤ የብስ ነበር። ሶማሊ ክልል ኦጋዴን ስትሄዱ ግን የዚያው ዘመን ባሕር ትቶት የሄደው አለ፦ ከታች አውራዱ የሚባል የኖራ ድንጋይ፣ ከላዩ ታሌህ የሚባል ጀሶና አንሃይድራይት፣ ከዚያ በላይ ካርካር የሚባል ሌላ የኖራ ድንጋይ። ምሥራቅ ዓረቢያ ላይ ደግሞ ከታች ኡም አር ረዱማ የሚባል የኖራ ድንጋይ፣ ከላዩ ጀሶማው ሩስ፣ ከዚያ ደማም። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ኦጋዴን ውስጥ ያደገ ልጅ ደማም መጥቶ ይህን ኮርስ ቢወስድ እንግዳ አገር ላይ ነኝ ማለት አይችልም።

ሰብኻ

ከከተሞቹ ውጪ ያለው ጠፍጣፋ፣ ጨዋማ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ፣ ሲዘንብ መኪና የሚውጥ መሬት ሰብኻ ይባላል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ለላዩ በጣም ቅርብ ነው። ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨዋማው ውሃ በአፈሩ ቀዳዳ ሽቅብ ይሳባል፣ ሲተን ጨውና ጀሶ ይተዋል። አካፋ ይዛችሁ ግማሽ ሜትር ብትቆፍሩ የጀሶ ቅንጣቶቹን ታገኛላችሁ፤ ሩስ ላይ የጠፋው ማዕድን እንዴት እንደተሠራ ዛሬ በሕይወት የምታዩት እዚህ ነው።

ግንባታ ላይ የሚሠሩ ወገኖች ይህን መሬት ከመምህር በላይ ያውቁታል። ጨዉ ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል፤ ሰልፌቱ ሲሚንቶውን ይበላል። መሠረት ከመጣሉ በፊት አፈሩ ተነሥቶ የሚሞላው፣ ኮንክሪቱ ሥር ጥቁር ሽፋን የሚቀባው በዚህ ምክንያት ነው። አፋር ላይ አሞሌ የሚቆረጥበትን ሜዳ ያየ ሰው ሒደቱን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ የዳናክል ጨው ግን ከባሕሩ ተቆርጦ በቀረ ስምጥ ውስጥ የተከማቸ ስለሆነ ውፍረቱ ከሰብኻ ጋር አይወዳደርም።

ግማሽ ጨረቃ ባሕረ ሰላጤ

ከአልኮባር በስተደቡብ ያለው ይህ ዳርቻ ለሽርሽር የታወቀ ነው፤ ለኮርሱም ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሸማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የጃፉራን አሸዋ እየነዳ ያመጣል፣ ክምሩ እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳል። የክምሩን ሁለት ጎን እዩ፦ ነፋስ የሚመጣበት ወገን ገር ነው፣ የሚሸሽበት ወገን ቀጥ ያለ። ነፋሱ ባይኖርም አቅጣጫውን ከክምሩ ቅርጽ ማንበብ ትችላላችሁ።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞር በሉ። ይህ ባሕር በአማካይ 35 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ጥልቀቱ። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ፣ የዓለም ውሃ በሰሜን በረዶ ሆኖ ተቆልሎ ሳለ፣ የባሕሮች ከፍታ በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ከአልኮባር ወደ ባሕሬን ዛሬ በ1986 በተከፈተው 25 ኪሎ ሜትር ድልድይ ነው የሚኬደው፤ ያኔ በእግር ይኬድ ነበር፣ ወደ ፋርስም እንዲሁ።

ውሃው

የከተሞቹ የመጠጥ ውሃ ዛሬ በአብዛኛው ከባሕር ጨዉ ተለይቶ የሚመጣ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሕይወት የተመሠረተው በኡም አር ረዱማ፣ በኮባርና በአላት ዐለቶች ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ነበር። ውሃው የዛሬ ዝናብ አይደለም፤ አብዛኛው በረሃው ዝናባማ በነበረበት በጥንት ዘመን ወደ ምዕራብ ካለው የተጋለጠ ዐለት የገባና ቀስ እያለ ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ነው። ጫናው ባሕሩን ተሻግሮ ባሕሬን ድረስ ይዘልቃል፤ የድሮ ዕንቁ ጠላቂዎች ከባሕር ወለል በሚፈልቅ ምንጭ ላይ ወርደው አቁማዳቸውን ጣፋጭ ውሃ ይሞሉ የነበረው በዚህ ነው።

ለዚህ ክፍል የሚመረጠው ጉዞ ወደ አል አሕሳ ነው። በ2018 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የተምር ገነት 2.5 ሚሊዮን ዘንባባ አለው፤ ያበቀሉት ምንጮች ናቸው። ምንጮቹ በገዛ ጫናቸው ይፈልቁ ነበር፤ ፓምፕ ከበዛ በኋላ ደክመው አብዛኛው ውሃ በሞተር የሚወጣ ሆኗል። እግረ መንገዳችሁን የቃራ ተራራን ዋሻዎች ግቡ፤ አሸዋማው ዐለት በስንጥቆቹ በኩል እየተሸረሸረ የፈጠራቸው ጠባብና ከፍ ያሉ መተላለፊያዎች ናቸው፣ ሙቀት ባለበት ቀን እንኳ ውስጡ ይቀዘቅዛል።

ነዳጁ ለምን መጨረሻ?

ብዙ ሰው ትምህርቱን በነዳጅ መጀመር ይፈልጋል። እኔ የማስቀረው ሆን ብዬ ነው፤ ድንጋዩን ያላየ ሰው ነዳጅ ከምድር በታች ሐይቅ ሆኖ የተኛ ይመስለዋል። ነዳጅ ያለው በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ነው። እዚያ እንዲገኝ አራት ነገር መገጣጠም አለበት፦ በበሰበሰ ሕይወት የበለጸገ አመንጪ ድንጋይ፣ የሚይዘው ቀዳዳማ ድንጋይ፣ የማያሳልፍ ክዳን፣ እንዳይሸሽ የሚያደርግ ቅርጽ። ደማም ላይ ቅርጹን እናንተው ረግጣችሁታል፤ ጉልላቱ ነው። ያዡ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው «ዐረብ» የሚባል የኖራ ድንጋይ ነው፣ ክዳኑ በላዩ ያለው አንሃይድራይት።

የታሪኩ ቀናት በደንብ ይታወቃሉ። የነዳጅ ፍለጋው ውል ግንቦት 29፣ 1933 ተፈረመ። ሚለርና ሄንሪ የሚባሉ ሁለት ጂኦሎጂስቶች መስከረም 23 ጁበይል ላይ ወረዱ፤ በቀናት ውስጥ ኮረብቶቹ ላይ ነበሩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሚያዝያ 30፣ 1935 ተጀመረ። እሱና ተከታዮቹ የሚያጠግብ አልሰጡም፤ ቁፋሮው ያነጣጠረው ባሕሬን ላይ ነዳጅ በተገኘበት ጥልቀት በሌለው ንብርብር ላይ ነበርና። ዋናው ጂኦሎጂስት ማክስ ስታይንኪ ጠለቅ እንበል የሚል ነበር። በ1936 መጨረሻ የተጀመረው 7ኛው ጉድጓድ ከ1,400 ሜትር በላይ ወርዶ መጋቢት 4፣ 1938 ዐረብ የተባለውን ድንጋይ አፈሰሰው። እስከ 1982 ከ32 ሚሊዮን በርሜል በላይ ሰጥቶ ተዘጋ። ከጎኑ ዛሬ ኢስራ የተባለው የባህል ማዕከል ቆሟል።

የውጭ አገር ሰዎቹ በረሃውን ለብቻቸው አላወቁትም። ካሚስ ቢን ሪምሳን የተባለው የበደዊን መሪ ነበር አቅጣጫውን፣ ውሃውንና የየኮረብታውን ስም የሚነግራቸው። በጂኦሎጂ መጻሕፍት ላይ የምናነባቸው ብዙዎቹ የቦታ ስሞች በፊት እንደ እሱ ባሉ ሰዎች አንደበት ይኖሩ ነበር።

ጊዜና መኪና ያለው ቡድን ክዳኑንም በዓይኑ ሊያይ ይችላል። የዓረቢያ ንብርብሮች ወደ ምሥራቅ በጣም ገር ባለ ዘንበልታ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ደማም ሥር በጥልቀት የተቀበረው ድንጋይ ወደ ምዕራብ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ ሪያድ አካባቢ ላይ ወጥቶ ይጠብቃችኋል። ከሪያድ ደቡብ ምሥራቅ ዳህል ሂት የሚባል ዋሻ አለ፤ አንሃይድራይቱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሺህ ሜትር የሚቆፈርለት ድንጋይ እዚያ በእጅ ይዳሰሳል።

አገር ቤት ስትገቡ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ስትጓዙ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን ቁልቁለትና ዳገት አውቶቡሱ ውስጥ ተኝታችሁ አትለፉት። የጂኦሎጂ ተማሪዎች የሚወርዱበት የታወቀ መንገድ ነው። ከላይ ደማም ላይ በጎደለው ዘመን የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ። ዝቅ ስትሉ ከብላንፎርድ ሕንጣሎ ጋር አንድ ወገን የሆነ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ዕድሜው ከዐረብ ድንጋይ ጋር ይቀራረባል፣ ያስቀመጠውም ባሕር ያኔ የሁለቱንም ምድር ዝቅታ የሸፈነው ነው። ከእሱ ሥር ጀሶና የጭቃ ድንጋይ፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። ደጋው ላይ ነዳጅ አልተገኘም፤ ኦጋዴን ውስጥ ግን ካሉብና ሂላላ ላይ ጋዝ አለ።

ሁለቱን ምድር የለያየው ኃይልም አላረፈም። በመስከረም 2005 አፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ፣ በቦታው እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ዓረቢያ ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እየራቀች ነው።

ስለዚህ ለማስተማር ፈቃደኛ የሆነ ጂኦሎጂስት ደማምና አልኮባር ባሉ ማኅበሮቻችሁ ውስጥ ካለ ያዙት፤ አንድ የኅዳር ቅዳሜ ማለዳ ለልጆቻችሁም ለራሳችሁም ስጡ። ቅሪተ አካሉን አትልቀሙ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ቦታው ላይ ተዉት። ብቻ ቶሎ ሂዱ፤ ዳህራን ላይ ሕንፃና መንገድ በየዓመቱ ይጨምራል፣ የግንባታ ማሽኑ የሚደለድለው ደግሞ የደማም ስም የወጣለትን ያንኑ 30 ሜትር ድንጋይ ነው።